በጎሽ ጉድጓድ ውስጥ ያመሸሁ ለት

ጎሽ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ እንደሚያየው ከመኪና መስኮት ሳይሆን ከጉድጓድ ውስጥ አንጋጥጬ ነው ያየሁት። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን ሳቅ ከየት ይምጣ!

ዘመኑ የደርግ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ያላገባሁ፣ ምላሴ ትንሽ የሰላ፣ ልቤ ግን ኮሽ ባለ ቁጥር የምትደነግጥ ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት እዚያው አቅራቢያ፣ ሸዋ ቤንች ስለሆነ ቤንችኛውንም አማርኛውንም እኩል እናገራለሁ። ለዚያ ቀን ጣጣ የዳረገኝም ይኸው ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ የሠራውም እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የታሸገች ቀን ወንበሮቹን በመኪና ጭነው ወደ መሰብሰቢያ አዳራሹ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ እኔ በየስብሰባው አባቴ በላጋቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጬ “መጤ ሃይማኖት” ሲወገዝ አጨበጭብ ነበር። ምን ላድርግ፣ ያላጨበጨበ ይታያል።

አባቴ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ሰዎችን በየቤቱ እየሰበሰበ መጸለዩን ቀጠለ። ሁለቱ ጓደኞቹ ሲታሰሩ፣ እሱ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ሌሊቱ ሳይነጋ ከቤት ወጣ። ለጎረቤት “ቴፒ ሥራ አግኝቶ ነው” አልን። የት እንዳለ የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። በሸኮ በኩል ካለው ጫካ ውስጥ፣ ቀፎ እየሰቀለ ከሚኖር የድሮ ወዳጁ ጎጆ ነበር።

አንድ ጠዋት ጓድ ስለሺ ቢሮው አስጠራኝ። ጓድ ስለሺ ቤተ ክርስቲያኗን ያሸገው ካድሬ ነው። ከሰሜን የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የማይጮህ ሰው ነበር። እኔ ከሚጮኸው ካድሬ ይልቅ የማይጮኸውን ነበር የምፈራው፤ የሚጮኸው ቢያንስ ምን እንዳሰበ ይታወቃል።

“ጓድ ማርታ፣ ከአዲስ አበባ የዱር እንስሳት ባለሙያ መጥተዋል” አለኝ። “ጫካ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር የሚያግባባን ሰው ያስፈልገናል።”

“የት ድረስ ነው የምንሄደው?”

“ከሸኮ አለፍ ብሎ፣ የቡና እርሻው የእንግዳ ማረፊያ ድረስ። እዚያ አድረን ነገ እንመለሳለን።”

የእንግዳ ማረፊያው ከአባቴ መደበቂያ ፊት ለፊት ነው። ያንን ሁሉ አገር ትቶ እዚያ መሄድን ምን አመጣው? ደግሞስ አማርኛና ቤንችኛ የሚችል ሰው ሚዛን ውስጥ ጠፍቶ ነው እኔ የተፈለግኩት? አሞኛል ልል አሰብኩ። ነገር ግን አልሄድም ማለት እዚያ የምደብቀው ነገር አለ ማለት ይሆንብኛል። “እሺ” ብዬ ወጣሁ። እናቴ ሰምታ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ቀረች።

በላንድሮቨር ተነሣን። ጋሽ ወልዴ ይነዳል፤ ባለሙያው አቶ ጌታቸው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጓድ ስለሺና እኔ ከኋላ። አቶ ጌታቸው ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። እንስሳ ባዩ ቁጥር “ዝም! ዝም በሉ!” ይላሉ፤ ከመኪናው ውስጥ ግን የሚጮሁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዝናቡ ሌሊት ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያዳልጣል፤ ጋሽ ወልዴ ከመሪው ጋር ይታገላል።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ቀኑ ያምር ነበር። እዚያው አገር ተወልጄ አድጌ ጫካውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። አቶ ጌታቸው አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና “ያቻትልሽ፣ ከዋርካው ላይ!” አሉኝ። ጉሬዛዎች ነበሩ። ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ፤ አንዷ ገና ነጭ የሆነ ግልገሏን አቅፋ ቁልቁል ታየናለች። ትንሽ ቆይቶ በምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የደረቡ የሚመስሉ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸው እየተንሿሿ በላያችን አለፉ። አንድ ድኩላ ከቡናው ውስጥ ብቅ ብሎ አየንና ጠፋ። እንደ ልጅ ሳቅሁ። ጓድ ስለሺ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ከሸኮ አልፈን አንድ ዳገት ላይ ስንወጣ መኪናዋን አቁመው ሸለቆውን እንድናይ ወረድን። መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ ተራራውን ሳስስ፣ ከዛፎቹ መሐል ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። ያ ጭስ ከማን ጎጆ እንደሚወጣ አውቃለሁ። መነጽሩን ቶሎ ወደ ሌላ በኩል አዞርኩ፤ ጓድ ስለሺ ግን በባዶ ዓይኑም አይቶታል።

“እዚያ ማዶ የሚታየው ጭስ ነው?” አለ።

“ጉም ነው” አልኩ።

“ጉም እንዲህ ቀጥ ይላል?”

“ዝናብ ሲዘንብ አድሮ የለ፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚነሣው።”

እጁን ዘርግቶ መነጽሩን ከአንገቴ ላይ ወሰደና ወደዚያ አነጣጥሮ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መለሰልኝ። አቶ ጌታቸው ስለ ጎሽ ቀንድ ያወራሉ፤ እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። ከዚያ ወዲያ የመኪናዋ በር በተዘጋ ቁጥር የእስር ቤት በር የተዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር።

ማረፊያው የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ከቡናው መሐል ያለ በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። ከማብሰያው ጎን የደረቀ የኮባ ልጥ እንደ ማገዶ ተከምሯል፤ እያንዳንዱ ልጥ መሐሉ ላይ ተቋጥሯል። አቶ ጌታቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ጓድ ስለሺ በኩራት አስረዳ።

“ለእርስዎ ጉብኝት መንገዱን በዘመቻ ስናጸዳ ነው። ሕዝቡ በየዛፉ ላይ እየቋጠረ ያንጠለጥለዋል፤ ባዕድ አምልኮ ነው። ከዚህ እስከ ሆራው ድረስ ያለውን ራሳቸው ገበሬዎቹ እንዲነቅሉት አደረግን።”

ሆራው ጎሾች ማታ ማታ የሚወርዱበት ጨዋማ ውሃ ነው። እኔም ክምሩን ሳይ ጓድ ስለሺ ካለው የተለየ ነገር አልታየኝም። እኛ ቤት የተቋጠረ ነገር ሁሉ የጠንቋይ ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ አባቴ ክር እንኳ እጃችን ላይ እንድናስር አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ካድሬውና እኔ በሕይወታችን በአንድ ነገር የተስማማነው በዚያ ክምር ላይ ነው።

አቶ ጌታቸው ሻይ ይዘው በረንዳው ላይ ተዘረጉ። “ጎሾቹ ሊመሽ ሲል ነው የሚመጡት፤ እስከዚያ ወገቤን ላሳርፍ” አሉ። ጓድ ስለሺ ግን አላረፈም።

“ጓድ ማርታ፣ እስከ ሆራው ወርደን መንገዱን እንየው። ሰው ካገኘንም ታነጋግሪልኛለሽ።”

ሁለታችን ብቻ ወረድን። መንገዱ ተመንጥሮ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ጥቂት ከሄድን በኋላ እንደዋዛ ጀመረ።

“አባትሽ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው መሰለኝ። ቴፒ ናቸው።”

“ቴፒ ውስጥ ከማን ዘንድ?”

“አላውቅም፤ ሥራ ካለበት ነዋ።”

“ሥራ ካለበት” ብሎ ደገመው። ማዶው ተራራ ፊት ለፊታችን ነው፤ ጭሱ አሁንም ይታያል። ቆም አለና ፊት ለፊቴ ሊሆን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጣ። “ለዚህ ጉዞ ለምን አንቺን እንዳመጣሁሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንኮታኮት ሰማሁ፤ ሚዛኑን ሲስት ክንዴን ያዘ፣ ተያይዘን ወረድን።

ራሴን ሳውቅ ጭቃ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ቅጠልና ጭራሮ በላዬ ላይ ተበትኗል። ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው፤ የገባበት ጎሽ መዞር እንዳያገኝ ተብሎ ነው እንዲያ የሚቆፈረው። ጓድ ስለሺ ከጎኔ ተጣጥፎ ያቃስታል። ቀኝ ትከሻው ወልቆ ክንዱ ተንጠልጥሏል።

ሞከርን። በጉልበቱ ላይ ቆምኩ፣ በደህናው ትከሻው ላይ ወጣሁ፤ ግድግዳውን በያዝኩት ቁጥር አፈሩ እየተናደ አብሮኝ ይመለሳል። ጮኽን። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ማረፊያው ውስጥ ያሉት በቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ሌላ የሚሰሙት እንደሌለ ገባን። ውሃው እግራችን ሥር መጠራቀም ጀመረ፤ ከላይ ደግሞ አፈሩ በጓል በጓሉ ይወድቅብናል። ለመተንፈስ እንኳ ተራ እንጠብቅ ነበር፤ እሱ ደረቱን ሲነፋ እኔ ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ። የምፈራውን ሰው ሽሽት ብሄድ አንድ ነገር ነው፤ እኔ እኮ ከምፈራው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሜ ተቀምጫለሁ!

ከዚያ መሬቱ ተነቃነቀ። ጎሾቹ ወደ ሆራው እየወረዱ ነበር። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ተሰማ፣ ቀጥሎ አንድ ጥቁር፣ እርጥብ አፍንጫ ከጉድጓዱ አፋፍ ብቅ አለና ቁልቁል አሸተተን። ቀንዱ ሰማዩን ሸፈነው። ጓድ ስለሺ በግራ እጁ ሽጉጡን ሊያወጣ ሲታገል እጁን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት።

“አትተኩስ! ደንብረው አንዱ እላያችን ላይ ቢገባስ?”

እንስሳው እፍ ብሎ ምራቁን ረጨብንና ሄደ። አቶ ጌታቸው ያንን ቢያዩ ምን ያህል በደስታ በጮሁ ነበር። ሽጉጡ ከጭቃው ውስጥ ወድቆ ነበር፤ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አገኘውና ወደ አፎቱ መለሰው።

“ማርታ” አለኝ፤ “ጓድ” የምትለዋ ቀርታለች። “አንቺ መጸለይ ትችያለሽ አይደል? እባክሽ።”

“ተከልክሏል እኮ፣ ጓድ ስለሺ” አልኩት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ትከሻውን እያመመው ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔ ግን ድምፄን ሳላሰማ ስጸልይ ነበር የቆየሁት። የምጸልየውም “ማንንም ላክ፣ አባቴን ብቻ አትላክ” ብዬ ነበር።

ሊመሽ ሲል ዝናቡ ቀነሰ። የእግር ኮቴ ሰማን። አንድ ሰው በቤንችኛ “ማነው እዚያ?” አለ።

ድምፁን ለማወቅ ፊት አያሻኝም። አባቴ ነበር።

“መጣ ሰው! መልሺለት እንጂ!” አለ ጓድ ስለሺ።

እርዳታ የምለምን አስመስዬ፣ በቤንችኛ፣ “አባ፣ እኔ ነኝ። ካድሬው አብሮኝ ነው፣ ሽጉጥ ይዟል። ሂድ!” አልኩ።

“ምን አልሽው?”

“ገመድ አምጣ አልኩት።”

አባቴ፣ እንጨት ሲለካ በሚናገርበት በዚያ በተረጋጋ ድምፁ፣ “ከሁለታችሁ የተጎዳው የቱ ነው?” አለኝ።

“ሂድ አልኩህ እኮ! ይይዝሃል!”

“ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ወዳጄ ነን። ሰው ውስጡ ትቼ የት ነው የምሄደው? የተጎዳው ይቅደም።”

ገመዱ ወረደ። ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት ወፍራም ገመድ ነው። ቀፎ ሲወጣ እንደሚደረገው በጉድጓዱ ላይ ባዘነበለው ቅርንጫፍ አሳልፎታል። በራሴ እጅ በጓድ ስለሺ ብብት ሥር አሰርኩለት። አስቡት፤ አባቴን የሚፈልገውን ሰው፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ እንዳለ፣ ወደ አባቴ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ከታች እየገፋሁ፣ አባቴ ከላይ እየጎተተ፣ እሱ በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ ወጣ። ጫማው ከዓይኔ ተሰወረ።

ከዚያ ምንም ድምፅ የለም።

ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ የታሰርኩት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደዚያ አልጠበበኝም። ጆሮዬን አቆምኩ። ተኩስ ጠበቅሁ። አንድ ሰው የሚያጉረመርም መሰለኝ፤ ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ሰወረብኝ። ልጮህ ፈለግሁ፤ “አባ” ብዬ ብጠራው ማን እንደሆነ መናገሬ ነው። አፌን በጭቃማ እጄ ይዤ ቆምኩ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም።

ገመዱ ተመልሶ ወረደ።

ስወጣ ጓድ ስለሺ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ክንዱ በአባቴ ነጠላ አንገቱ ላይ ታስሯል። ሽጉጡ ቦታው ላይ ነው። አባቴ ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ በጭቃ ተለውሶ ቆሟል። ልቅፈው ሞቼ ነበር፤ እንደ ባዳ ቆምኩ።

“አመሰግናለሁ በያቸው” አለኝ ጓድ ስለሺ።

ወደ አባቴ ዞሬ በቤንችኛ “አባ፣ አወቀህ?” አልኩት።

“ደህና ነሽ? አልተሰበርሽም?” አለኝ።

“ምን አሉ?” አለ ጓድ ስለሺ።

“ምንም አይደል፣ እግዜር አተረፋችሁ አሉ።”

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከያዘው ጆንያ ሁለት የኮባ ልጥ አወጣ። አንዱን በጉድጓዱ ወዲያ ማዶ ካለ ችግኝ ላይ ቋጠረው። ሁለተኛውን ለጓድ ስለሺ ዘረጋለት። እኔ በድጋሚ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ልጡ ከፊት ጉድጓድ አለ ማለት እንደሆነ፣ ምልክቱ ከተነቀለ ወዲህ ሰው እንዳይገባ እሱና ወዳጁ ጠዋትና ማታ ጉድጓዶቹን እየተከፋፈሉ እንደሚጠብቁ፣ በአገሩ ወግ ደግሞ ወድቆ የወጣ ሰው ምልክቱን በራሱ እጅ እንደሚያስር ነገርኩት። አባቴ ከመደበቂያው የወጣው ለዚህ ነበር።

ጓድ ስለሺ ልጡን አገላብጦ አየው። ከዚያ በግራ እጁ ችግኙ ላይ አዞረው፤ በአንድ እጅ መቋጠር ሲያቅተው አባቴ ጫፉን ያዘለትና ሁለቱ አብረው አጠበቁት። ስም አልተጠየቀም። አባቴ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ጫካው ገባ። ዞር ብሎም አላየኝም።

እኛ ማረፊያው ልንደርስ ስንል ጋሽ ወልዴና የማረፊያው ዘበኛ ፋኖስ ይዘው አገኙን። ጓድ ስለሺ “አንድ የአገሩ ሰው አወጣን” አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ። ጠዋት ሰው ልኮ ጫካውን ያስከብባል ብዬ ነበር።

ጠዋት በረንዳው ላይ ቁርስ ስንበላ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን ማዶ ወዳለው ተራራ አነሡ።

“እዚያ ሰው አለ እንዴ? ጭስ አያለሁ።”

ጓድ ስለሺ በግራ እጁ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ፣ ቀና ብሎም አላየም።

“ጉም ነው” አለ።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ጓድ ስለሺ ደግ ሰው ነበር ልላችሁ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደታሸገች ቀረች፤ የአባቴ ሁለት ጓደኞችም ወዲያው አልተፈቱም። ለምን እንዳመጣኝ የጀመራትን ያቺን ጥያቄም አልጨረሳትም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰውን በተቀመጠበት ወንበር መለካት ተውኩ። የተቋጠረ ነገር ሳይም ማን፣ ለምን እንደቋጠረው ሳልጠይቅ እጄን አልሰነዝርም። ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም፤ ዛሬም ጠባብ ክፍል ውስጥ በር ሲዘጋ ትንፋሼ ያጥረኛል።

አባቴ ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ቤቱ ተመልሶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ወንበር እየጠገነ ሳለ ዓመታት ያፈንኩትን ጠየቅሁት።

“አባ፣ ያኔ እሱ ወጥቶ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ስቀር፣ ያን ያህል ዝም ያላችሁት ምን ሆናችሁ ነው?”

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። “ገመዱ እንደታሰረበት ቆሞ ያየኛል። ከዚያ ‘አናጢው?’ አለኝ። አዎ አልኩት። እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ። ‘ገመዱን ፍታልኝ፣ ልጄ ከታች ነች’ አልኩት።”

“በአማርኛ?”

“ታዲያ በምን ልበለው? ቤንችኛ አይሰማ።”

“እሱስ ምን አለ?”

“ምንም። በአንድ እጁ ሊፈታው ታገለ፣ አልሆነለትም። እኔ ፈታሁለት። ስትወጪ እሱ በአንቺ በኩል አመሰገነኝ፣ እኔም ልጡን አስተረጎምኩሽ፤ እንዲህ ይሻላል ብለን የተነጋገርነው ነገር ግን የለም።”

ልሳቅም ላልቅስም አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጊዜ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ አባቴን ለማትረፍ ስተረጉም፣ ከሦስታችን ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።